ፀሐይ ውኃ ታወጣለች፤ የወጣውን ውኃ የሚጠብቀው ግን ማን ነው?

(ይህ ንግግር በተማሪዎች ኅብረት የንግግር ምሽት የቀረበ ነው። ተናጋሪው የምሕንድስና ተማሪ ሲሆን፣ በምሽቱ ያልተገኙ አንባብያን ስለ ጠየቁ ሙሉ ቃሉ እንዳለ ታትሟል።)



ለምስጋና የማወጣው ጊዜ አጭር ነው። የተፈቀደልኝ ሃያ አምስት ደቂቃ ሲሆን ሊቀ መንበራችን ከአሁኑ ሰዓታቸውን ፈትተው ጠረጴዛው ላይ አኑረዋል። ስለዚህ በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ልግባ።

እንደምታውቁት ሁሉ ኅብረታችን በዚህ ዓመት በቴአትርና በቶምቦላ ያገኘውን ገንዘብ ለአንድ የገጠር መንደር በፀሐይ ኃይል የሚሠራ የውኃ ፓምፕ መግዣ እንዲያደርገው ሐሳብ ቀርቧል። ባለፈው ስብሰባ ሐሳቡ ሲነበብ አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። እኔም አጨብጭቤአለሁ። ወደ መኝታ ክፍሌ ከተመለስሁ በኋላ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ፤ እንዲህ ያለውን ጭብጨባ ከዚህ ቀደም አንድ ጊዜ ሰምቼዋለሁና፣ ከጭብጨባው በኋላ የሆነውንም አይቻለሁና። ዛሬ የቆምሁት ፓምፑን ለመቃወም አይደለም። ከፓምፑ መቅደም የሚገባቸው ነገሮች አሉ ለማለት ነው።

ትውልዴ በስምጥ ሸለቆ ነው። መንደራችን ከአዋሳው መንገድ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ወጣ ብላ ሜዳ ላይ የተቀመጠች ስትሆን፣ በዙሪያዋ ግራርና ቁልቋል እንጂ ምንጭ የላትም። ውኃ የምንቀዳው በበጋ ከሚደርቅ ወንዝ ነበር። ወንዙ ሲደርቅም አሸዋውን በእጅ እየጫርን፣ ያቆረውን በጣሳ እየጨለፍን ነው። ታላቅ እኅቴ ዶሮ ሳይጮኽ ቢጫውን ጀሪካን አዝላ ትወጣለች፤ ፀሐይ ከፍ ስትል ትመለሳለች። እኔ ትምህርት ቤት የገባሁት እርስዋ ስላልገባች ነው። ይህን የምናገረው እንድታዝኑልኝ አይደለም። በቤታችን የነበረው ሒሳብ ይኸው ስለ ነበር ነው፤ ሁለት ልጆች፣ አንድ ጀሪካን።

ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ ጥልቅ ጉድጓድ ተቆፍሮ በናፍጣ የሚሠራ ሞተር ተተከለ። ሞተሩን የሚያስነሡት አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ እኛ ልጆች “ጋሼ ሞተር” እንላቸው ነበር። ጠዋት ዱግ ዱግ የሚለው ድምፅ ሲሰማ እናቶች ወደ ቦኖው ይጐርፋሉ። ለአንድ ጀሪካን ሃምሳ ሳንቲም ይከፈላል፤ ገንዘቡም ለናፍጣ፣ ለዘይትና ለጋሼ ሞተር አበል ይውላል። ናፍጣው ከከተማ በአህያ ጋሪ ይመጣ ስለ ነበር ዝናብ መንገዱን ሲያበላሽ፣ ወይም ናፍጣ ከማደያው ሲጠፋ፣ ያ ድምፅ ይጠፋል። ድምፁ በጠፋ ቁጥር እኅቴ ወደ ወንዙ ትወርዳለች።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ አንድ በጎ አድራጊ ድርጅት (ስሙን አልጠራም፤ ሰዎቹ ቅኖች ነበሩ) ሞተሩን አንሥቶ በፀሐይ ሰሌዳ ተካው። በምረቃው ቀን ጥብጣብ ተቈረጠ፤ በሬ ታረደ፤ እኛ ተማሪዎች ዘመርን። ከእንግዶቹም አንዱ ተነሥተው፣ ፀሐይ ሒሳብ አትጠይቅምና ከእንግዲህ የጀሪካኑ ክፍያ ቀርቷል ሲሉ እልልታው እስከ ማዶ ተሰማ። ጋሼ ሞተርም የሚያስነሡት ሞተር ስለሌለ ተመስግነው ተሰናበቱ። ከሁሉ የበረታው ጭብጨባ ያን ጊዜ የተጨበጨበው ነው። ሁለቱንም ነገሮች እባካችሁ ልብ በሉልኝ፤ ክፍያው ቀረ፤ ሽማግሌውም ተሰናበቱ።

ፓምፑ ለአሥራ ስድስት ወር ያለ አንዳች ድምፅ ውኃ ሲያወጣ ኖረ። ከዚያ በኋላ በአንድ የነሐሴ ሌሊት መብረቅ ወረደና በማግሥቱ ቦኖው ደረቀ። ሽማግሎች ወደ ድርጅቱ ቢሄዱ ፕሮጀክቱ ተዘግቷል ተባሉ። ወደሚመለከተው ጽሕፈት ቤት ቢሄዱ ደብዳቤ ጻፉ ተባሉ፤ ደብዳቤውን የጻፍሁት እኔ ነኝ፤ የእጅ ጽሑፌ ያማረ ነው ተብሎ ነበር። መልስ አልመጣም። አሥራ አራት ወር አለፈ። ሰሌዳዎቹ ሜዳው ላይ ተዘርግተው ፀሐይ ሲሞቁ፣ እኅቴ አሁን በጀርባዋ ልጅ አዝላ፣ ጀሪካኗን በእጅዋ አንጠልጥላ ወደ አሸዋው ተመለሰች።

በመጨረሻ ነገሩን የፈታው በገበያ ቀን የእጅ ስልክ የሚጠግን አንድ ወጣት ነው። ሣጥኑን ከፍቶ ጥቂት ነካክቶ፣ ዋናው መሣሪያ ደኅና መሆኑን፣ የተቃጠለው ከመብረቅ የሚከላከል አውራ ጣት የምታህል ዕቃና ሁለት ፊውዝ ብቻ መሆኑን ነገረን። ዕቃው ከአዲስ አበባ በአንድ ሰው የኮት ኪስ ውስጥ መጣ። ዋጋው ለምረቃው ቀን ከታረደው በሬ እጅግ ያነሰ ነበር። ለዚያች የኪስ ዕቃ ሦስት መቶ ያህል ቤተሰብ አሥራ አራት ወር ሙሉ አሸዋ ጫረ።

እንግዲህ ከመካከላችሁ “ችግሩ የፀሐይ ኃይል ደካማ መሆኑ ነው፤ ለቁም ነገር አይበቃም” የሚል ቢኖር ተሳስቷል፤ ይህንንም በሒሳብ ላሳይ። የሕግና የቋንቋ ተማሪዎች ለአምስት ደቂቃ ታገሡኝ።

አንድ ሜትር ኩብ፣ ማለት አንድ ሺህ ሊትር ውኃ፣ ከመቶ ሜትር ጥልቀት ለማውጣት የሚያስፈልገው ኃይል 0.27 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ነው። ይህም አንድ ሺህ ዋት የሚስብ የልብስ ካውያ በአሥራ ስድስት ደቂቃ የሚፈጀው ነው። ለዚህ ምሽት ሸሚዙን የተኰሰ ሁሉ አንድ ሺህ ሊትር ውኃ ከመቶ ሜትር ሊያወጣ የሚችል ኃይል አጥፍቶ መጥቷል ማለት ነው። በአገራችን በብዙው ክፍል በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ በቀን ከ5 እስከ 6 ኪሎዋት ሰዓት የሚደርስ የፀሐይ ኃይል ይወርዳል። የዛሬ ሰሌዳ ከዚህ አንድ አምስተኛውን ያህል ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጣል። ከዚያ ላይ ሙቀት፣ አቧራ፣ የፓምፑና የቧንቧው ብክነት ሁሉ ይቀነስና 0.4 ቢተርፈን፣ ከአንድ ካሬ ሜትር ሰሌዳ በቀን 1,500 ሊትር ያህል ውኃ ከመቶ ሜትር እናወጣለን። በኛ 2008 ዓ.ም. የተጀመረው ሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ለገጠር ሰው በቀን 25 ሊትር ውኃ በአንድ ኪሎ ሜትር ክልል ውስጥ እንዲደርሰው ወስኖ ነበር። ለአንድ ሺህ ሰዎች 25,000 ሊትር ይሆናል። ለዚህ የሚበቃው ሰሌዳ 17 ካሬ ሜትር ያህል ነው፤ አሁን ከቆምሁበት መድረክ ቢያንስ እንጂ አይበልጥም። ይህንኑ ሥራ በናፍጣ ብንሠራው በቀን አምስት ወይም ስድስት ሊትር፣ በዓመት ወደ ሁለት ሺህ ሊትር ይጠጣል፤ ያውም መንገዱ ከተከፈተና ማደያው ካለው ነው።

ሌሊትስ? ደመናስ? ብላችሁ እንደምትጠይቁኝ አውቃለሁ። ለመብራት የሚሠራ ሰው ኤሌክትሪኩን በባትሪ ማጠራቀም ግድ ይሆንበታል፤ ባትሪ ደግሞ ውድ ነው፤ ያረጃልም። ውኃ የሚያወጣ ሰው ግን የሚያጠራቅመው ውኃውን ራሱን ነው። ከፍ ባለ ቦታ ላይ የተቀመጠ ሮቶ የሁለት ቀን ውኃ ከያዘ ሌሊቱም ደመናውም ያልፋል። በዚህ ምክንያት የፀሐይ ኃይል ከሚሠራቸው ሥራዎች ሁሉ ውኃ ማውጣትን ያህል የሚስማማው ጥቂት ነው ብል አላጋነንሁም።

ዋጋውም ቢሆን ሰበብ የማይሆንበት ዘመን ደርሰናል። (የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ የኛ ካላልሁ በቀር፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) በአሜሪካን አገር በቤል ቤተ ሙከራ የመጀመሪያው ለሥራ የሚበቃ የሲሊኮን የፀሐይ ሕዋስ የታየው በ1954 ነው። በ1970ዎቹ አጋማሽ የአንድ ዋት ሰሌዳ ዋጋ ብዙ አሥር ዶላር ነበር። ዛሬ ከግማሽ ዶላር በታች ወርዷል። የዛሬ ሃምሳ ዓመት የሀብታም መንግሥታት ብቻ የነበረው ዕቃ ዛሬ በመርካቶ ይሸጣል።

ነገር ግን ወንድሞቼ፣ በፀሐይ ውኃ ማውጣት የትናንት ግኝት እንዳይመስላችሁ። በ1913 ፍራንክ ሹማን የሚባል አሜሪካዊ ከካይሮ በስተ ደቡብ በመዓዲ፣ እያንዳንዳቸው ከ60 ሜትር በላይ የሚረዝሙ አምስት የመስታወት ገንዳዎች ዘርግቶ፣ የፀሐይን ጨረር በቧንቧ ላይ ሰብስቦ እንፋሎት አፈላና የአባይን ውኃ ወደ እርሻ አወጣ። መኪናው ሠራ፤ ታላላቅ ሰዎች መጥተው አዩት። በሚቀጥለው ዓመት የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ተነሣ። መሐንዲሶቹ ወደየአገራቸው ተመለሱ፤ ሹማንም በ1918 ሞተ፤ መኪናው ፈራርሶ ቀረ። የግብፅ ፀሐይ ግን በዚያ ዓመትም በሚቀጥለውም እንደ ወትሮው ወጥታለች። የጐደለው መኪናውን የሚያውቅ ሰው ነው። የመንደሬን ታሪክ በትልቁ ያየሁት እዚህ ላይ ነው።

ወደ አገራችን ስንመጣ፣ በ1970ዎቹ መጀመሪያ በታችኛው ኦሞ የአሜሪካን ፕሬስቢተሪያን ሚሲዮን የወንዙን ውኃ በነፋስ ኃይል እያወጣ ትንንሽ ማሳዎችን ያጠጣ ነበር። ፒተር ፍሬንክል የሚባል እንግሊዛዊ መሐንዲስ ሥራውን መርምሮ በ1975 ዘገባ አሳትሟል። እዚያ ከተተከሉት መካከል ከውጭ የመጡ የብረት መኪናዎች ነበሩ፤ ደግሞም በሥፍራው የተሠሩ፣ እንደ ቀርጤስ ደሴት ወፍጮዎች የጨርቅ ሸራ የሚዘረጋላቸው ነበሩ። እኔን የማረኩኝ እነዚህ ሸራ ለባሾቹ ናቸው። የተቀደደ ሸራ በመርፌና በክር ይሰፋል፤ ለመርፌና ለክር ደግሞ ማንም ለማንም ደብዳቤ አይጽፍም። በማሊም በ1970ዎቹ መጨረሻ ቤርናር ቬርስፒየረን የተባሉ ካህን በፀሐይ ሰሌዳ የሚሠሩ ፓምፖችን ለመንደሮች ሲያስተክሉ የጥገናውን ነገር አብረው ያስቡበት ስለ ነበር ስማቸው በዚህ ሙያ እስከ ዛሬ ይነሣል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። “ታዳሽ ኃይል” የሚለው ቃላችን ራሱ የሚያዘናጋ ይመስለኛል። የሚታደሰው ፀሐይዋና ነፋሱ ነው፤ ፊውዙ አይታደስም፤ የፓምፑ ጐማ አይታደስም፤ ዕውቀቱም ሰው ካላስተላለፈው አይታደስም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ፍርሃቴ ልሻገር። እስካሁን የተናገርሁት ስለ ውኃ ማውጣት ነው። በሐሳቡ ላይ የተጻፈው ግን “ንጹሕ ውኃ” የሚል ነው። የወጣ ውኃ ሁሉ ንጹሕ ነውን?

እስቲ ጥርሴን ተመልከቱ። አትሳቁ፤ ወይም ሳቁ፤ እኔ ለምጄዋለሁ። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሳለሁ አንድ የክፍል ጓደኛዬ ጥርስ መፋቅ እንድጀምር በወዳጅነት መክሮኝ ነበር። ይህ ቡናማ ቀለም በመፋቅ አይለቅም፤ የፍሎራይድ ሥራ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ ሊትር የመጠጥ ውኃ ከ1.5 ሚሊግራም የበለጠ ፍሎራይድ እንዳይኖር ይመክራል፤ በስምጥ ሸለቆአችን ግን ከ10 ሚሊግራም በላይ የያዙ ጉድጓዶች ተገኝተዋል። በልጅነት ሲጠጣ ጥርስን ያበላሻል፤ ለብዙ ዓመት ከፍ ያለ መጠን ሲጠጣ ወደ አጥንት ይገባና ወገብና ጉልበት እንዳይታጠፍ ያደርጋል። ውኃው ግን ለዓይን እንደ መስታወት የጠራ ነው፤ ሽታም የለው፤ ጣዕሙም መልካም ነው። ከሁሉ የሚያሳዝነው ደግሞ እናቶች ለልጆቻቸው ሲሉ አፍልተው ማጠጣታቸው ነው። ማፍላት ጀርም ይገድላል፤ ፍሎራይድን ግን አያስወግድም፤ እንዲያውም ውኃው ተንኖ ሲቀንስ የቀረውን ያከረዋል።

የመንደራችን ወንዝ ውኃ ተቅማጥ ያመጣ ነበር። ጥልቁ ጉድጓድ ከተቅማጡ አዳነን፤ ነገር ግን በውስጡ ምን እንዳለ ማን መረመረው? እኔ እስከማውቀው ድረስ ማንም ለመንደሩ ሰው የነገረው የለም። ፓምፑ በፀሐይም ይሥራ በናፍጣ ያገኘውን ያወጣል፤ አይመርጥም።

በዚህ ምክንያት በውኃው ውስጥ ያለውን ማወቅ ፓምፕ ከመምረጥ ይቀድማል። ችግሩ ጀርም ብቻ ከሆነ ፀሐይ ራስዋ ታክማለች። በ1980 በቤይሩት የአሜሪካን ዩኒቨርሲቲ አፍቲም አክራና ባልደረቦቻቸው የጠራ ውኃን በሚያሳልፍ ጠርሙስ ሞልቶ ለፀሐይ ማስጣት ጀርም እንደሚገድል አሳይተዋል፤ በጠራ ሰማይ ስድስት ሰዓት፣ በደመና ሁለት ቀን ይበቃል። ፍሎራይድ ሲሆን ግን ጠርሙሱ አይረዳም። ወይ ከከብት አጥንት በተሠራ ከሰል ማጥለል፣ ወይ በሕንድ አገር በናልጎንዳ እንደ ተለመደው በአሉምና በኖራ ማዝቀጥ፣ ወይ ደግሞ ጉድጓዱን ትቶ ከደጋ ምንጭ በቧንቧ መሳብ ያስፈልጋል። ማጥለያው የሚቀየርበት ጊዜ አለው፤ የሚቀይረው ሰው ከሌለ ግን መንደሩ አጣርቻለሁ እያለ ያንኑ ይጠጣል።

ታዲያ በፀሐይ አትንኖ ጨውንም ፍሎራይድንም ማስቀረት አይቻልምን? ይቻላል። በ1872 በቺሊ በአታካማ በረሓ፣ ላስ ሳሊናስ በሚባል ሥፍራ፣ ከ4 ሺህ ካሬ ሜትር በላይ መስታወት ተዘርግቶ ከጨዋማ የጉድጓድ ውኃ በቀን ወደ 20 ሺህ ሊትር የሚጠጋ ጣፋጭ ውኃ ይገኝ ነበር፤ የማዕድን ሠራተኞችና በቅሎዎቻቸው ለብዙ ዓመት ጠጥተውታል። ነገር ግን ሒሳቡን ተመልከቱ። ከአንድ ካሬ ሜትር የሚገኘው በቀን አራት ወይም አምስት ሊትር ነው። አንዲት ሊትር ውኃ ለማትነን 0.63 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል፤ ይኸው ኃይል ከሁለት ሺህ ሊትር በላይ ከመቶ ሜትር ያወጣል! እንግዲህ ውኃን ማንሣት ለፀሐይ ቀላል ነው፤ ውኃን ማትነን ከባድ ነው። በግፊት በስስ ሽፋን ማጥራት ከማትነን እጅግ ይቀላል፤ ለባሕር ውኃ እንኳ በሜትር ኩብ 3 ወይም 4 ኪሎዋት ሰዓት ይበቃል፤ ዳሩ ግን ሽፋኑ በሠለጠነ እጅ ካልተያዘ ቶሎ ይደፈናል። የትኛውንም ብንመርጥ መጨረሻው ያው ሰው ነው።

የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ በ2025 ባወጡት ዘገባ በዓለም ላይ 2.1 ቢሊዮን ሰዎች በአስተማማኝ ሁኔታ የሚተዳደር የመጠጥ ውኃ የላቸውም። “የሚተዳደር” የሚለውን ቃል አስምሩበት። ቧንቧ ስንት ነው ብለው ብቻ አልቈጠሩም።

ስለ ማስተዳደር ካነሣሁ ወደ ቦረና ልውሰዳችሁ። የቦረናን ኤላ ያያችሁ ታውቁታላችሁ። ወንዶች በጥልቁ ጉድጓድ ውስጥ አንዱ ከሌላው በላይ ቆመው፣ እየዘፈኑ፣ ባልዲውን ከእጅ ወደ እጅ እያቀበሉ ውኃውን ወደ ከብቱ ገንዳ ያወጡታል። ኃይሉ የሰው ክንድ ነው። እነዚህ ጉድጓዶች ግን መቶ ዓመታትን ተሻግረው ዛሬም ውኃ ይቀዳባቸዋል። ለምን? እያንዳንዱ ኤላ በጎሣ የሚታወቅ ጠባቂ አለው፤ የማጠጣቱን ተራ የሚመራ አባ ሄሬጋ የሚባል ሰው አለው፤ ማን ዛሬ፣ ማን ነገ እንደሚያጠጣ፣ ጉድጓዱ ሲደረመስ ማን እንደሚጠርግ በጉባኤ ይወሰናል። ከኛ ፋኩልቲ ተመርቀው የወጡ ሰዎች በዘመናዊ መሣሪያ የተከሉት ቦኖ በሁለተኛው ዓመት ሲደርቅ ያ ኤላ ይሠራል። እኔ ይህን ስናገር ክንድ ከሰሌዳ ይሻላል ማለቴ አይደለም፤ ያ ዘፈን ከሩቅ ሲሰሙት ያምራል እንጂ ለሚያቀብለው ሰው ወገብ የሚሰብር ሥራ ነው። ሰሌዳውም አባ ሄሬጋ ይኑረው ነው የምለው።

ትናንት ይህን ንግግር ለአንድ የኢኮኖሚክስ ተማሪ ጓደኛዬ ባነብለት ተቈጣኝ። “የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ጁላይ 28 ቀን 2010 ውኃ የሰው ልጅ መብት ነው ብሎ ወስኗል፤ አንተ ደግሞ ድኻዋን እናት ሃምሳ ሳንቲም ልታስከፍላት ነው” አለኝ። ክርክሩ ቀላል አይደለም፤ እስከ እኩለ ሌሊት ተከራከርን። እኔም መብት መሆኑን አምናለሁ። ነገር ግን ክፍያው በቀረበት ቀን እልል ያለችው እናት፣ ፊውዙ በተቃጠለ ቀን ሣጥኑ ባዶ ስለ ነበር አሥራ አራት ወር በጀርባዋ ከፈለች። ከሃምሳ ሳንቲሙ ውስጥ አሥር ሳንቲም ብቻ ቢቀጥል ኖሮ በአንድ ሳምንት ዕቃው በተገዛ። እጅግ የተቸገሩትን መንደሩ ራሱ ያውቃቸዋል፤ በዕድር እንደሚደረገው ይለያቸዋል። በዚህ ነጥብ ጓደኛዬ በከፊል ተስማምቷል፤ በቀረው አልተስማማም፤ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ስላለ ከንግግሬ በኋላ ራሱ ይናገር።

ነፃ መሆኑ ሌላም አደጋ አለው። ፀሐይ ሒሳብ ስለማትጠይቅ ፓምፑን የሚያቆም ሰው አይኖርም፤ ከመሬት በታች ያለው ውኃ ግን በልክ ነው። ሕንድ ከ2019 ጀምሮ ለገበሬዎች የፀሐይ ፓምፕ በብዛት የማዳረስ ዕቅድ ይዛለች። እንደ ራጃስታን ባሉ ደረቅ ክፍሎች የጉድጓዱ ውኃ ከዚያ በፊትም ሲወርድ የኖረ ስለ ሆነ ብዙ ሊቃውንት ነገሩን በሥጋት ይከታተሉታል። ለመጠጥ የሚወጣው ከመስኖው ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ስለ ሆነ በዚህ ላይ አልቈይም።

እንግዲህ የኔ ሐሳብ ይህ ነው። ገንዘቡ አዲስ ፓምፕ አይግዛ። በክፍለ አገሩ ተተክለው ከቆሙት መካከል በጥቂት ገንዘብ ሊነሡ የሚችሉ ሁለት ወይም ሦስት እንፈልግ። ሥራ ከመጀመራችን በፊት ውኃቸው ይመርመር፤ መንደሩም ውጤቱን በገዛ ቋንቋው ይስማ። ለእያንዳንዱ መንደር ሁለት ጠጋኞች ይሠልጥኑ፤ ቢያንስ አንዷ ሴት ትሁን፤ ቦኖው ሲደርቅ በመጀመሪያ የምታውቀው እርስዋ ናትና፣ ወደ ከተማ ሥራ ፍለጋ ቶሎ የሚሄደውም ወንዱ ነውና። ፊውዝ፣ የመብረቅ መከላከያና ማጠንከሪያ ቁልፍ የያዘ አንድ የቆርቆሮ ሣጥን በመንደሩ ይቀመጥ። ከምሕንድስና ፋኩልቲ ፈቃደኛ የሆንን ተማሪዎች በክረምቱ ዕረፍት ሄደን እንሥራ፤ በሚቀጥለውም ክረምት ተመልሰን እንይ።

ይህ ሐሳብ አንድ ትልቅ ጉድለት አለው፤ አልደብቀውም። ለተቀየረ ፊውዝ ጥብጣብ አይቈረጥም። የኅብረታችን ስም የተቀረጸበት የእብነ በረድ ሰሌዳ በፊውዝ ላይ አይለጠፍም፤ ፎቶግራፉም ለጋዜጣችን አይሆንም። በቴአትሩ የደከሙት ጓደኞቻችን ለድካማቸው የሚታይ ነገር ቢፈልጉ አይፈረድባቸውም። እኔም ብሆን ስሜን በድንጋይ ላይ ማየት አልጠላም።

ድምፅ የሚሰጠው በሚቀጥለው ሐሙስ ነው። እስከዚያው ክቡራን መምህራንን አንድ ነገር ልለምን። ለፋሲካ ወደ ቤቴ ሄጄ በነበረ ጊዜ ከጉድጓዱ፣ ከወንዙ አሸዋና ከጎረቤት መንደር ጉድጓድ ሦስት ጠርሙስ ውኃ ቀድቼ አምጥቻለሁ። እኅቴ ናት በየጠርሙሱ ላይ ምልክት ያደረገችባቸው፤ ጽሕፈት ስለማታውቅ አንዱን በአንድ ክር፣ ሁለተኛውን በሁለት፣ ሦስተኛውን በሦስት ክር አስራለች። ጠርሙሶቹ አሁን በመኝታ ክፍሌ አልጋ ሥር ናቸው። ከኬሚስትሪ ክፍል መምህራን አንዱ ከሐሙስ በፊት ፍሎራይዱን ቢለኩልኝ፣ ውጤቱን ከድምፁ በፊት በዚሁ መድረክ አነባለሁ። አንድ ክር የታሰረበት የኛው ጉድጓድ ነው።